የተሳቢ ሶኬት ዝገት፦ ለጅቡቲ መስመር ሾፌሮች

ወንድሞች፣ እንዴት ናችሁ? ከጅቡቲ ወደብ ስትመለሱ የተሳቢውን የመብራት ሶኬት እባካችሁ ከፍታችሁ እዩት። የባሕሩ አየር ጨው አለው፣ እርጥበት ሲጨመርበት ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ከዚያ ፍሬቻው ይደክማል፣ ፍሬን ስትረግጡ ሌላው መብራት አብሮ ብልጭ ይላል። እኔ አምፖል ሁለት ጊዜ ቀይሬ ጥፋቱ የማሳው (የኔጌቲቩ) ገመድ ሆኖ ተገኘ! መጀመሪያ እሱን ፈትሹ፤ የሁሉም መብራት መመለሻ በእሱ በኩል ነው።

መብራቱን አጥፉና በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይና በትንሽ ብሩሽ አጽዱ። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ለኤሌክትሪክ የሚሆነውን ግሪስ ሳሳ አድርጋችሁ ቀቡ፣ የኩሽኔታውን ግሪስ ግን አይደለም። ገመድ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለልም ይቅር፣ ውሃ ያስገባል። ተሳቢ ስትፈቱ ፕለጉን መሬት ላይ አትጣሉት፣ የሶኬቱንም ክዳን ዝጉ።