አፈሩን ሳናይ፣ ሰዓት አይተን የምናጠጣው ሣር

ለአዘጋጁ፦

ስለ ውሃ ቁጠባ የምታወጧቸው ምክሮች ከቤት ደጃፍ አያልፉም። ጥርስ ሲፋቅ ቧንቧ መዝጋት፣ የሚያንጠባጥበውን ማስጠገን፤ ሁሉም ደግ ነው። በግቢ ሣርና በመንገድ አካፋይ ላይ ስለሚፈሰው የመጠጥ ውሃ ግን አንድም መስመር አላነበብኩም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ነው። ሣር በሞቃት ወቅት በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። 100 ካሬ ሜትር ሣር ያለው ግቢ እንግዲህ በሳምንት 2,500 ሊትር ይጠጣል፤ ያውም ጠብታ ሳይባክን።

የሚባክነው ደግሞ ብዙ ነው፤ የምናጠጣው ሰዓት አይተን እንጂ አፈሩን አይተን አይደለምና። ቀትር ላይ ከሚረጨው ከፊሉ ሥር ሳይደርስ ይተናል፣ ከፊሉን ነፋስ አስፋልት ላይ ይበትነዋል። ሸክላማ አፈር ውሃ የሚመጠው በዝግታ ስለሆነ ብዙ ሲለቀቅበት ትርፉ ወደ ቦይ ይወርዳል፤ ጥቂት አጠጥቶ፣ እስኪሰርግ ጠብቆ መድገም ይሻላል። በየቀኑ ላይ ላዩን ማርጠብ ደግሞ ለሣሩም አይበጀውም። ሥሩ ወደ ታች መውረዱን ይተውና ውሃ የጠፋ ዕለት ወዲያው ይጠወልጋል። በማለዳ፣ አልፎ አልፎ፣ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ነው። የተጠራጠረ ሰው ቀጭን ብረት አፈሩ ውስጥ ይስደድ፤ ያለ ትግል ከገባለት የዛሬው ውሃ ይቅር። ለአበባና ለቁጥቋጦ ጠብታ መስኖና ጉዝጓዝ ይበቃል፣ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ እንጂ።

እኔን ከግለሰብ ግቢ ይበልጥ የሚያናድደኝ ማንም የማይቀመጥበት ሣር ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ውሃ ቢጠጣ አልቃወምም። የመንገድ አካፋዩን ሣር ግን ከአጫጁ በቀር የሚረግጠው የለም። የአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ፣ በላስ ቬጋስ አካባቢ እንዲህ ያለውን ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር ከ2027 ጀምሮ በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣት ከልክላለች። የግል መኖሪያ ቤቶችን ሕጉ አልነካም። ልዩነቱን በትክክል የለየ ይመስለኛል።

እናም ዘጋቢዎቻችሁ የከተማ አስተዳደሮችን ሁለት ነገር ቢጠይቁልን፦ ለሕዝብ አረንጓዴ ቦታዎች የሚሄደው ውሃ በራሱ ቆጣሪ ይለካል ወይ? ዝናብ እየዘነበ ውሃ የሚረጨውን መሣሪያ የሚያጠፋውስ ማን ነው?

ከአንባቢያችሁ አንዱ