ከማርሞላዳ በሕይወት ላወረዳችሁኝ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ቁርጭምጭሚቴ በጀሶ ታስሯል፤ እጄ ደህና ስለሆነ ግን ይህን ራሴ እየጻፍኩት ነው።

ለማታውቁት፣ ማርሞላዳ በጣሊያን ከዶሎማይት ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ ጫፉ ፑንታ ፔኒያ 3,343 ሜትር ይደርሳል። በምዕራባዊው ጠርዝ ያለው፣ አለቱ ላይ በተዘረጋ የብረት ገመድና መርገጫ የሚወጣበት መንገድ፣ ቪያ ፌራታ የሚሉት፣ የተዘረጋው በ1903 እ.ኤ.አ. ነው። ወጪው በሁለት ካራቢነር፣ ማለትም ተከፍቶ በሚዘጋ የብረት ማያያዣ፣ ራሱን ከብረት ገመዱ ጋር እያያያዘ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ እንደሚመጣ ስለተነገረን እኔ ተቻኮልኩ። ፀሐይ ያልደረሰበት ቦታ ላይ መርገጫው ብረት በረዶ ለብሶ ነበር። እግሬ ከዳኝና ከታች ገመዱ ከአለቱ ጋር እስከተያዘበት ችንካር ድረስ ሦስት ሜትር ያህል ወደቅሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

መሪያችን፣ እርስዎን ይቅርታም ምስጋናም እጠይቅዎታለሁ፤ አይ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ምስጋናውን እሰጣለሁ። ጠዋት ከጓደኛ የተዋስኩትን፣ ሰውነቴን ከካራቢነሮቹ ጋር የሚያገናኘውን አሮጌ ማሰሪያ አይተው «ይህን ይዘህ አትወጣም» ሲሉኝ በልቤ አምቼዎት ነበር። በተለመደው የተራራ መውጫ ገመድ ሲሆን ገመዱ ይለጠጣል፤ እዚህ ግን ማሰሪያው አጭር፣ ውድቀቱ ረጅም ነው። ስለዚህ ስፌቱ እየተተረተረ የውድቀቱን ኃይል የሚውጥ ጥቅል ያስፈልጋል። የሰጡኝ ጥቅል ከግማሽ በላይ ተተርትሯል። ያ አሮጌው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። «በሁለት ችንካር መካከል አንድ ሰው ብቻ!» እያሉ ሲቆጡንም ሰልችቶኝ ነበር። እህቴን ከታች ያስቆሟት ያ ቁጣ ነው። በዚያው ገመድ ላይ ብትሆን ኖሮ የምወድቀው እሷ ላይ ነበር።

ወደ ድንገተኛ አደጋ ጥሪው 112 ደውለው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አዎ፣ እርዳታ እንፈልጋለን» የሚለውን ምልክት ለሄሊኮፕተሩ ያሳዩትም መሪያችን ናቸው። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ደመናው ሳይዘጋው ደረሱልኝ። መብረቅ እየመጣ ብረት ገመድ ላይ ታስሮ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ፣ የእነዚያን ደቂቃዎች ዋጋ ያውቃል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

እህቴ፣ እጄን ይዘሽ ስለቆየሽ፣ ለእማዬም «ትንሽ ወለም ብሎት ነው» ብለሽ ስላለፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ይህን ካነበበች ግን ጉዳችን ፈላ።

በመጨረሻም ከኋላችን ይወጡ ለነበሩት ባልና ሚስት። ስማችሁን እንኳ አልጠየቅኋችሁም። ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ ያለበሳችሁኝ ሰማያዊ ጃኬት ታጥቦ እኔ ጋር ተቀምጧል፤ አድራሻችሁን ብቻ ላኩልኝ። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ቸኮላት ግን ሆስፒታል በልቼዋለሁ።