«እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ለዓመታት ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 67 ነው። 60 ሞልቶኝ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ሊፍት የለውም፤ ደረጃው 72 ነው።

ጡረታ ስወጣ ልጆቼ «ከእንግዲህ እረፊ» አሉኝ። ከልባቸው ነው። ዘንቢል ይዤ ስመጣ ታች ድረስ ወርደው ይቀበሉኛል። ሊጥ ላቦካ ስል «ተይው፣ እንጀራ እንገዛለን» ይላሉ። ውሃ ልቅዳ ብዬ ብድግ ስል ብርጭቆው ቀድሞኝ ይመጣል። «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ።» ይቺን ቃል በቀን ስንቴ እንደምሰማት! እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ፋይል ተሸክሜያለሁ፤ መጦር ደግሞ ክብር ነው። አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

መቀመጡ ምን እንዳደረገኝ የገባኝ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ነው። በርጩማ ላይ ነበርኩ። በረካው ተጠጥቶ ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ አለ። ሁለተኛ ሞከርኩ። ሁለት ሴቶች ብብቴን ይዘው አነሱኝ። «አይዞሽ፣ ዕድሜ ነው» አሉኝ። የቤቱ ባለቤት ከእኔ በአምስት ዓመት ትበልጣለች። ሙስሊም ናት፤ በቀን አምስት ጊዜ ትሰግዳለች። የቀኑ ግዴታ ብቻ 17 ረከዓ ነው፤ በየረከዓው ግንባሯ መሬት ነክቶ ይነሳል። እሷ ሲኒዎቹን ሰብስባ ከመሬት ብድግ ስትል እጇን የትም አላስደገፈችም። ዕድሜ ከሆነ እሷን ለምን አልያዛትም? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።

ብዙም ሳይቆይ ደረጃ ላይ ወድቄ የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ። ጄሶው ሲፈታ ፊዚዮቴራፒ ታዘዘልኝ። ባለሙያው ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። እጄን አይቶ ሲጨርስ «እናቴ፣ እስቲ ክንድዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበሩ ይነሱ» አለኝ። አንዴ እንደምንም ተነሳሁ። ሁለተኛው አልሆነም። «እጅዎ ይድናል። የጣለዎት ግን የጭንዎ ድካም ነው፤ እሱን ካላከምን እንደገና ይወድቃሉ» አለኝ።

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በዝግታ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። መቀመጥ ያባብሰዋል። ግን ጡንቻ ሥራ ከሰጡት በማንኛውም ዕድሜ ይመልሳል። በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስለተሠራ አንድ ጥናት ነገረኝ። አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አረጋውያን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። ጥናቱን የጨረሱት የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። 90 ዓመት! እኔ በ60ዎቹ ሆኜ አበቃልኝ ብዬ ነበር።

የሰጠኝ የቤት ሥራ ገንዘብ አያስወጣም። ወንበሩን ግድግዳ ላይ አስጠጋለሁ። ጫፉ ላይ እቀመጥና እግሬን ወደ ኋላ ሰብሰብ አደርጋለሁ። አፍንጫዬ ከእግሬ ጣቶች በላይ እስኪሆን ድረስ ወደፊት ዘንበል እላለሁ፤ ከዚያ መነሳት ነው። ስቀመጥ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ በቀስታ። ዝርግፍ ብሎ መቀመጥ ክልክል ነው። መጀመሪያ አራት ጊዜ ብቻ ነበር የምችለው፤ ጭኔ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን አሥር፣ አረፍ ብዬ እንደገና አሥር። ከዚያ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዤ ተረከዜን አነሳለሁ። ጠርዙን እንደያዝኩ በአንድ እግሬ እቆማለሁ። ለክንዴ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ሁለት፣ ውሃ ሞልቼ። በሳምንት አምስት ቀን ደግሞ ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብዬ እሄዳለሁ። ይህ 150 ደቂቃ ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ይህን ያህል ነው የሚመክረው። በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴም በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይላል። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። እኔም ግፊት አለብኝ፤ አማክሬ ነው የጀመርኩት።

አምና በስቅለት ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተቀምጬ ሰው ሲሰግድ አየሁ። አለቀስኩ። ዘንድሮ ሰገድኩ። እየቆጠርኩ፣ እያረፍኩ፣ 41 ጊዜ። የወይራው ቅጠል ጀርባዬን ሲነካኝ በእግሬ ቆሜ ነበር።

ስፖርት የወጣት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ማሞ ወልዴ በሙኒክ ኦሎምፒክ ማራቶን ሦስተኛ ሲወጣ 40 ዓመቱ ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። እኔ 14 ዓመቴ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሲጨፍር ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ የጨፈርነው ልጆች ዛሬ ሶፋ ላይ ነን።

ለዚህ ነው የጻፍኩላችሁ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ሰው ስፖርት የሚሠራበት «መንገድ ለሰው» ሲካሄድ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። ወጣቱ በሙዚቃ ይዘላል። እኛ አረጋውያን ጠርዝ ላይ ቆመን እናጨበጭባለን። እባካችሁ አዘጋጆቹ ጆሮ እንዲደርስ አድርጉልኝ፦ ከሞንታርቦው ራቅ ብሎ 20 ወንበር ይደርደር፣ አንድ አሠልጣኝ ይመደብ፣ ግማሽ ሰዓት ለእኛ ይሰጠን። ወንበር እስካለ ድረስ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

እናት አባት ያላችሁ ልጆች ደግሞ፣ ፍቅራችሁን እናውቀዋለን። ግን ውሃውን እኛው እንቅዳ። ስንነሳ ከአጠገባችን ቁሙ እንጂ እጃችንን አትሳቡ። ዶሮ ወጥ ሲሠራ ሽንኩርቱን ስጡን።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ልጄ እንደ ልማዱ ታች ወርዶ ዘንቢሉን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ቲማቲሙን ሰጠሁት። 3 ኪሎ ድንች ይዤ 72ቱን ደረጃ እኔ ወጣሁ።

አክባሪያችሁ
ከጀሞ