ይህ ጆሮ የማን ነው?

ውድ አዘጋጅ፣

ማታ ማታ ሐዋሳ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ለተመራማሪዎች የዱር እንስሳት ፎቶ እያየሁ የትኛው እንስሳ እንደሆነ እለያለሁ። ባለቤቴ “ይከፈልሃል እንዴ?” ትለኛለች። ኧረ በነፃ ነው! ዛፍ ላይ የታሰረ ካሜራ ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲሰማው ራሱ ያነሳል፤ አብዛኛው ግን ነፋስ ያወዛወዘው ሳር ነው። ትናንት አንድ ክብ ጆሮ ብቻ ደረሰኝ፣ ጅብ ብዬ አለፍኩ። ብሳሳትም ግድ የለም፣ አንዱን ፎቶ ብዙ ሰው ስለሚያየው የሚያዘው የጋራው መልስ ነው። ታንዛኒያ ካለው የሴሬንጌቲ ፓርክ በመጡ እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ላይ ከ28,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ተሳትፈው፣ የጋራ መልሳቸው ከባለሙያዎች ጋር ሲመሳከር 96.6 በመቶ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። እኛስ? ቆርኬ የሚባለው የዱር እንስሳ እዚሁ ቅርባችን ሰንቀሌ መጠለያ አለልን፤ የከተማችን ተማሪዎች ቲክቶክ ላይ ከሚያመሹ እንዲህ ያለውን ቢለምዱት ምናለበት?

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ