ስለ ቀለህና ባሩድ፣ ለወንድሜ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? እኛ ደጀን ላይ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ «ያ ልጅ የት ገባ?» እያለች ትጠይቀኛለች። ዘመኑ ለመጻጻፍ አልተመቸም፤ ኔትወርክ ሲኖር መብራት የለም፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርኩ ይጠፋል። ከሐሳቤ ግን አልጠፋህም።

የመጨረሻው መልእክትህ ስልኬ ላይ አለ። ሞንታና ውስጥ ግጦሹን በጉድጓድ የሚበሱትን እንስሳት የምታድንበትን ጥይት ራስህ መሙላት መጀመርህን የጻፍክልኝ። ቀለሁን ለቅመህ፣ አጽድተህ፣ ወደ ልኩ መልሰህ፣ ባሩዱን በሚዛን አድርገህ። ደጋግሜ አነበብኩት። ይሄ እኮ የአያቴ ሥራ ነው!

ውጅግራ ጠመንጃቸውን ታስታውሳለህ አይደል? ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት፣ ዓድዋም የዘመተው ዓይነት። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጎራሽ። ጥይት እንደ ልብ አይገኝምና ቀለህ አይጣልም። ተኩሰው መጀመሪያ የሚፈልጉት የወደቀውን ከርከሮ ሳይሆን ቀለሁን ነበር። ወደ ፀሐይ አድርገው ያዩታል። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር አፉን ዙሪያውን ይዳስሱታል። ጥፍሩን ያዝ ካደረገው ተሰንጥቋል፤ የልጆች ፉጨት ይሆናል። ደህናውን ወዲያው ያጥቡታል፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ካደረበት ናሱን ይበላዋል። ባሩዱን የሚሰፍሩት በትንሽ ቀንድ ነው። ቀንዷ ስትወጣ ምድጃው ይጠፋል፣ ጨዋታም ይቆማል።

አሁን የልቤን ልንገርህ። የሳቸው ባሩድ ጥቁር ነበር፤ የቀንድ ስፍር ይበቃዋል። ያንተው ጭስ አልባ ነው፤ በትንሹ ብዙ ይገፋል። ባሩዱን የምትመዝኑበት አንድ ግሬን 65 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም፤ እናንተ ደግሞ የእሱን አንድ አሥረኛ ትመዝናላችሁ። ስለዚህ እባክህን አትቸኩል። ጠረጴዛህ ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥ። ፈጥኖ የሚነደው የሽጉጥ ባሩድ ተሳስቶ የጠመንጃ ቀለህ ውስጥ ከገባ መሣሪያው ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የጥይት አሞላል መመሪያው መጽሐፍ ላይ ካለው ዝቅተኛ መጠን ጀምር። ተኩሰህ ቀለሁ አልወጣ ብሎ ከተጣበቀ መጠኑን ቀንስ እንጂ አትድፈር። አረሩን ከመግጠምህ በፊት ቀለሆቹን ደርድረህ ባትሪ አብራባቸው፤ ሁለቴ የተሞላው ከፍ ብሎ ይታይሃል። ስልክ ከጠራ ሥራውን አቁመህ አንሣ።

ያቺ ልባሷ ቀጭን የሆነች ቀላል አረር መሬት ስትመታ ትበታተናለች፣ ነጥራ የመሄዷ ነገር ያንሳል ያልከኝን በጣም ወድጄዋለሁ። እዚህ የዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ከየቁጥቋጦው ሥር እረኛ አይጠፋም። አያቴም ዝንጀሮ ማሽላው ውስጥ ሞልቶ እያዩ፣ ከኋላው ምን እንዳለ ካላወቁ ቃታ አይስቡም ነበር።

ዝንጀሮው አሁንም ከቆላው ይወጣል። እኛም ማማ ሠርተን በወንጭፍ እንመልሰዋለን። ሌሊት ደግሞ ጃርቱ በቆሎውን ይጨርሳል፤ ለእሱ መላ አላገኘንም።

እስቲ መልስ ስትጽፍልኝ አንድ ነገር ንገረኝ፦ ቀለሁ ተደጋግሞ ሲተኮስ አንገቱ ይደርቃል ብለሃል። በእሳት ስታለሰልሰው ሙቀቱ መብቃቱን በምን ታውቃለህ? አያቴ በዓይናቸው ነበር የሚለዩት፤ ያንተን ማወቅ እፈልጋለሁ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወንድምህ