አራጣው ዋናውን አይነካም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ወንጀል ድራማ ሲወራ ጥይቱ ይነሳል፤ ሒሳቡ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታየው የአሜሪካ የማፊያ ተከታታይ ድራማ «ዘ ሶፕራኖስ» ሁለተኛ ምዕራፍ፣ የስፖርት ዕቃ ነጋዴው ዴቪ ስካቲኖ ከማፊያዎቹ ተበድሮ ሲቆምር 45 ሺህ ዶላር ተበላ። በሳምንት 5 በመቶ አራጣ ቢታሰብበት 2,250 ዶላር ይሆናል፤ በዓመት 117 ሺህ ተከፍሎም ዋናው ገንዘብ እንዳለ ነው!

መክፈል ሲያቅተው አበዳሪዎቹ የሚፈልጉት ሱቁን ሳይሆን አከፋፋዮች ያመኑትን የሱቁን ስም ነው። በዚያ ስም የታሸገ ውሃና የአውሮፕላን ትኬት ሳይቀር በዱቤ ይታዘዛል፤ ዕቃው በርካሽ ይቸበቸባል። ዘዴው የሚሠራው የዱቤው መክፈያ ቀን እስኪደርስ ብቻ ስለሆነ ይጣደፋሉ። ከዚያ ሱቁ ይከስራል፤ ዕዳው በባለሱቁ ስም ይቀራል። (የስፖርት ሱቅ ድንገት ውሃ በገፍ ሲያዝ አከፋፋዩ መጠርጠር ነበረበት።)

አንድ አንባቢ