ነሐሴ ሲገባ መረቡን ከጉማራ አፍ አንሡልኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሙላት፣

እንደምን ከርመሃል? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱንም ለምጄዋለሁ።

ባለፈው በስልክ “ጀርመን ዓሣ ለማጥመድ ፈተና አለ” ስልህ ሳቅህ። እውነቴን ነው። እዚህ ባቫሪያ ቢያንስ 30 ሰዓት ትማራለህ። ከዚያ 60 ጥያቄ ይቀርብልሃል፤ ለማለፍ 45ቱን መመለስ አለብህ። ፈቃዱን ብታወጣም ወንዙ ባለቤት አለው፤ ከእሱ ደግሞ ሌላ ወረቀት ትገዛለህ።

ሰፈራችን አጠገብ አንድ ትንሽ ወንዝ አለ። ትራውት የሚባል፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለው ዓሣ ይኖርበታል። ከ26 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ወደ ውኃው ትመልሰዋለህ። የምታስቀረውን መጀመሪያ ጭንቅላቱን መትተህ ታደነዝዘዋለህ፣ ከዚያ ታርደዋለህ። ሣር ላይ እየተንፈራገጠ እንዲሞት መተው በሕግ ያስጠይቃል። በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። እንቁላሉን የሚጥለው ያን ጊዜ ነዋ! ሴቷ በጅራቷ ጠጠሩን ትቆፍራለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ መልሳ በጠጠር ትሸፍነዋለች።

ይህን ስማር ጣና የሚገባው ወንዛችን ጉማራ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የእኛም ነጭ ዓሣ እኮ እንዲሁ ነው። ክረምት ሲገባ ከጣና ይነሣል፣ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል፣ ጎርፉን ሽቅብ ሄዶ ጠጠር ላይ ይወልዳል። እናንተ ደግሞ መረቡን የምትዘረጉት እዚያው አፉ ላይ ነው። የምታወጡት ሆዱ እንቁላል የሞላውን ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የጣና ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ጽፈዋል። ቶሎ ለመውለድ የማይደርስ ዓሣ ስለሆነ ያለቀውን ለመተካት ዓመታት ይፈጅበታል። ደግሞ ሌላ ቦታ ሄደን የምናመጣው አይደለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለየው፣ ጣና ውስጥ ያሉት 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በዓለም ላይ ሌላ አገር የሉም። አስበው እስቲ!

ላይኛው ወንዝ ላይ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ውስጥ የሚበትኑም አሉ። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ጫጩቱን ጭምር ይፈጀዋል። ይህን የሚያደርጉትን ልጆች ስለምታውቃቸው፣ ሳትቆጣ አነጋግራቸው።

የፈረንጅን ሕግ እንዳለ እናምጣ ማለቴ አይደለም። ድሃ ገበሬ ፈተና ተፈትኖ ዓሣ ያጥምድ ማለት ግፍ ነው። የእኛም አገር የዓሣ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ግን ነሐሴ ላይ ጉማራ አፍ መረብ የምትጥሉት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ የምለምነው እናንተን ነው። ነሐሴንና መስከረምን ብቻ ከወንዙ አፍ ራቁ። ሌላው ዓሣ፣ ቀረሶው፣ ሽቅብ አይወጣም፤ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው የሚራባው፣ እሱን ፈልጉ።

ገቢህ እንደሚጎድል አውቃለሁ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ጊዜም ነው። የሁለቱን ወር ጉድለት እኔ እልክልሃለሁ፤ ከልቤ ነው። ለዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሰው ሁሉ ግን አልችልም። ስለዚህ አንድ ላይ ተቀመጡና ተመካከሩ። ምን እንዳሉ በሚቀጥለው ስንደዋወል ንገረኝ። የመረቡ ቀዳዳ ስንት ጣት እንደሚያስገባም ለካና ንገረኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ልጆቹንም።

ወንድምህ